ሳጥኑ ላይ የተቀመጡት ሁለት ካሜራዎች

ሆሳዕና፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ባለቤት፣ ለእኔ ደግሞ ልጄ ለሆንሽው፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? እህልስ ትቀምሻለሽ? ይህን የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ እያንዳንዱን መልስ እፈልገዋለሁ። እኛ ለሥጋችን ደህና ነን፤ ማለዳ ማለዳ ብርዱ ጠንከር ይላል እንጂ የእግዚአብሔር ቸርነት አልተለየንም። አባትሽ ባለፈው ቅዳሜ ከአንጋጫ መጥተው ፎቶ ቤቴ ድረስ ጎራ ብለው ነበር። ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። ወንበር ሳብኩላቸው፣ አልቀመጥም አሉ። ሻይ ላስመጣ አልኩ፣ አልጠጣም አሉ። ሁለቱን እጆቼን ይዘው ብዙ ቆሙና ሄዱ። ያን ዕለት ምን እንደነካቸው አልገባኝም ነበር።

ይህ ደብዳቤ የአንቺ ነው። እስከ ሰኞ ድረስ የጻፍኩት ሁሉ ለልጄ ለአሞጽ ነበር፤ ማን ሲያነበው እንደቆየ ከሰኞ ወዲህ አውቄያለሁ። በስልክ ያልጻፍኩልሽም ለዚህ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሳሙኤል አርብ ይበራል፤ በእጅሽ እንዲሰጥሽና ስታነቢ አጠገብሽ እንዳይቆም ነግሬዋለሁ። የእኔ ከምባትኛ ከሰላምታ አያልፍም፣ አንቺም ሀዲይኛ እንደማታነቢ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በአማርኛ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ የቆመ ነውና ስህተቱን እለፊልኝ።

ነገሩን ከካሜራው ልጀምር፤ የወጣው ከእሱ ነውና።

አሮጌዋን ካሜራዬን ታውቂያታለሽ። አንቺንም ያነሳሁሽ በእሷ ነው። ከአክስትሽ ጋር መጥተሽ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ስትቆሚ፣ "ፈገግ በይ ልጄ፣ ፎቶው ደቡብ አፍሪካ ነው የሚሄደው" ብልሽ፣ "በፎቶ ለሚመርጥ ሰው ጥርሴን አላሳይም፤ ማየት ከፈለገ መጥቶ ያስቀኝ" ብለሽ አክስትሽን መሬት ዋጪኝ አሰኘሻት። በዚህች ከተማ ባህር ማዶ ላለ ሙሽራ ስንቷን ልጅ አንስቼ ልኬያለሁ፤ እንዲህ ያለችኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። አሞጽ አምስት ፎቶ ደርሶት የመረጠው ያልሳቀችውን ነው።

ያቺ ካሜራ መስከረም መጨረሻ ላይ ሀቢቾ ሰርግ ቤት ጉድ አደረገችኝ። ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያጠልቁ ውስጧ ያለው መስታወት ተነስቶ ቀረ፤ ጨለማ ሆነብኝ። አስተካክዬ ስመለስ ቀለበቱ ጣታቸው ላይ ነው። አውልቁና ድገሙልኝ ብዬ ለመንኩ። የሙሽራው አጎት ከፊት ወንበር፣ "አንተ ሰውዬ፣ ፓስተሩ አንዴ አጋብቷቸዋል፤ አንተ ደግሞ ሁለተኛ ልታጋባ ነው?" ብለው አዳራሹን በሙሉ አሳቁብኝ።

ለአሞጽ በድምፅ ብነግረው እሱም ሳቀብኝ። ከዚያ፣ "አባዬ፣ በቃ አሳርፋት። የሐዳሳን ሰርግ በአዲስ ካሜራ ነው የምታነሳው፤ ከዚህ እልክልሃለሁ" አለኝ። ሐዳሳ እህቱ ጥር ላይ እንድታገባ ያኔ ቀኑ ተቆርጦ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠባችን ነበር። አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ሰምተሽው ይሆናል። የእኔ ካሜራ ክሮፕ የሚሉት ነው፤ ውስጡ ብርሃን የሚያርፍበት ሰሌዳ አነስ ያለ ስለሆነ ስፋት አይሰጥም። ፉል ፍሬም የሚባለው ሰፊ ነው። እኔ ፉል ፍሬም ተመኘሁ። ሽምግልና ለማንሳት ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንኳ፣ ዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ግማሽ ፊታቸው ይቀርብኛል። አሞጽ ግን አይሆንም አለ። "አባዬ፣ ያሉህ ሁለቱ ሌንሶች ለክሮፕ የተሠሩ ናቸው፤ ፉል ፍሬም አፍ ላይ አይገቡም። ያለ ሌንስ ቦዲውን ብቻ ይዘህ ሙሽራዋን በምን ልታያት ነው? ሻል ያለ ክሮፕ ውሰድ።" እኔም፣ "አንተ እዚያ ሱቅ ቁጭ ብለህ ሳሙና እየሸጥክ እኔን ሙያ ልታስተምረኝ?" አልኩት። "ያስተማርከኝም አንተ፣ የረሳኸውም አንተ" ብሎ ሳቀ። ጥቅምት 8 ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

የስልኩ መናገሪያ ተበላሽቷል ተብሎ ተጻፈልኝ። ደወልኩ፣ አልተነሳም፤ ሱቅ ሰው በዝቶ ነው ተባልኩ። አመንኩ። ልጄ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ግን አባት ነኝ። ደህና ነኝ የሚል ጽሑፍ በየሳምንቱ የሚደርሰው አባት ምን ብሎ ይጠረጥራል?

ኅዳር ላይ ግን አንድ መልእክት መጣ። "አባዬ፣ ፉል ፍሬሙ ይሻላል ይላሉ፤ ያሉህ ሌንሶችም ይሆኑታል" ይላል። ተናደድኩ። በእነዚያ ሌንሶች መሃል ያደገ ልጅ፣ በአሥር ዓመቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሌንስ ይፈታና ይገጥም የነበረ ልጅ፣ እንዴት እንዲህ ይላል? የጻፍኩትን አንቺ ነሽ ያነበብሽው። ነጋዴ ሆነህ ሙያህን ረሳህ አልኩ። እናትህ አስናቀች ይህን ሳትሰማ መሄዷ በጀ አልኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ፣ "ይቅርታ አባዬ፣ ተሳስቼ ነው" የሚል መጣልኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። አሞጽ ከእኔ ጋር ሲከራከር ተሳስቻለሁ ብሎ አያውቅማ! እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ትዳር አረጋጋው፣ ልጄ ትሕትና ተማረ ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ።

ይቅር በይኝ። አንቺ እዚያ በዚያ ሁኔታ ላይ ተቀምጠሽ፣ እኔ እዚህ ስለ ሌንስ እቆጣሽ ነበር። ያን ሰሞን ካሜራ ቤት ለካሜራ ቤት ዞረሽ ስትጠይቂ፣ የማታውቂውን ነገር በማታውቂው ቋንቋ ስታጠኚ ይታየኛል። ነጠላሽ ምን ዓይነት እንደነበር ደግሞ አስባለሁ፤ እዚያ ጥቁር ይለበሳል ወይስ በስውር ነበር ያደረግሽው?

በታኅሣሥ ፊቱን ልየው ብዬ ያዝኩ። ለሰርጉ ባይመጣ እንኳ አንድ ፎቶ፣ ዛሬ የተነሳውን፣ አልኩ። አራት ጊዜ ጻፍኩ። በመጨረሻ ሰኞ ረፋድ ላይ ፎቶው መጣ።

አንቺ ያነሳሽው ስለሆነ ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። የሱቃችሁ በር፣ ብረት ፍርግርጉ፣ ከፊቱ የለስላሳ ሳጥን ተገልብጦ፣ በላዩ ሁለት ካሜራ። ከሳጥኑ ኋላ አሞጽ ቆሟል። ከፎቶው ሥር የተጻፈው፣ "አባዬ ይኸው ሁለቱም፤ የትኛው ይሁን?" ይላል። ደስ አለኝ። ስልኬ ላይ አላየውም ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት፤ መጀመሪያ ያየሁትም ካሜራዎቹን ነው፤ ይህን አልዋሽሽም። የግራው ፉል ፍሬሙ ነው። የፍላሹ መቀመጫ ጥቁር ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል፤ ማዕዘኖቹ አብለጭልጨዋል። እንደ እኔ ያለ የሰርግ ሠራተኛ እጅ ላይ የኖረ ነው፤ ሻጩ ብዙ አልሠራም ብሎሽ ከሆነ ቃሉን አትመኚ። የቀኙ ክሮፑ ነው። መያዣው ላስቲክ ገና አልለሰለሰም፤ የሌንስ አፉም አልተፋቀም። ይኼኛው ነው ብዬ ልጽፍ እጄን አንስቼ፣ ጥሩ ብርሃን ላይ ነው ያነሱት፣ ፀሐዩ ከየት ነው ብዬ ጥላውን አየሁ።

የሳጥኑ ጥላ ወደ በሩ ወድቋል። የካሜራዎቹ ጥላ ሳጥኑ ላይ ወድቋል። ፀሐይ ከጀርባሽ ስለነበረች የአንቺም ጥላ ከሥር ገብቷል፤ ወደ ጎን ዞር ብለሽ ነበር፤ ነጠላሽ ትከሻሽ ላይ፣ ስልኩ ከፍ ብሎ። ቀሚስሽን ከፊት ነፋስ የነፋው መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ የተሰቀሉት ላስቲኮች ግን ቀጥ ብለው ነው የተንጠለጠሉት። ነፋስ አልነበረም።

የአሞጽ ጥላ የለም።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን እንዳይመስልሽ። የመጣብኝ የሙያ ነገር ነው። ይህን የሠራው ሰው ጥላ ረስቷል፣ ሥራው ጅምር ነው አልኩ። አፌን ከፍቼ ነው ያልኩት፤ ብቻዬን። ከዚያ ማንን እያየሁ እንደሆነ ገባኝ። ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን ከጎን ነው። ዓይኑን አጎላሁት። ብሌኑ ውስጥ አራት መስታወት ያለው መስኮት አለ። የእኔ መስኮት ነው። እዚህ የተቀመጥኩበት። ወደ ኮሌታው ወረድኩ፤ የግራው ጎን ወደ ውስጥ ታጥፏል። ለእናቱ ቀብር መጥቶ ሲመለስ የዛሬ ሁለት ዓመት ያነሳሁት ነው። ፎቶውን ካነሳሁት በኋላ ኮሌታውን አይቼ፣ "ድገመው ልጄ፣ ኮሌታህ" ስለው፣ "አባዬ መኪናው ያመልጠኛል፤ ኮሌታዬን ማን ያየዋል?" ብሎ ሻንጣውን አንስቶ ወጣ።

ደግሜ አጎላሁት። ደግሜ። በመጨረሻ የአሞጽ ፊት አልነበረም፤ ቡናማና ግራጫ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። እኔ ግን አላቆምኩም።

ቤቱን ሳልዘጋ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። መናኸሪያው በር ላይ "ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው የቀረው!" እያሉ ይጣራሉ፤ ድምፃቸው ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ ነው። ጭነት የሚሸከመው ናስረዲን ክንዴን ያዘኝ። "ጋሼ ሳህሉ፣ ምነው? ይቀመጡ እስቲ" አለና ጆንያው ላይ አስቀመጠኝ። ፊቴን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ትኬት ቆራጩን፣ "ነገሯቸው እንዴ?" አለው። ትኬት ቆራጩ በክርኑ ጎሸመው። "ዝም በል አንተ! ምኑን?"

ልጄ፣ ጭነት ተሸካሚው ያውቃል። ትኬት ቆራጩ ያውቃል። ሦስት ወር ሙሉ ባጃጅ ነጂዎቹ ሂሳብ አልቀበል ሲሉኝ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ብለው ያከበሩኝ ይመስለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከመዘምራኑ አንዷ ልጅ ዘወትር አንገቷን ስትደፋ ዓይነ አፋር ናት እል ነበር። አባትሽም። አባትሽም እጄን ይዘው የቆሙት ለዚህ ነው። ከተማው በሙሉ እኔን እያየ ሦስት ወር ትንፋሹን ውጦ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ በመሃሉ ስለ ካሜራ እያወራሁ እዞር ነበር።

ከጆንያው ተነስቼ ወደ ፋንታሁን ሄድኩ። ከመናኸሪያው ማዶ ባነር የሚያትመው፣ የአጥቢያችን ሽማግሌ፤ ታስታውሺዋለሽ። ያን የአሞጽን ፎቶ ያኔ ትልቅ አድርጎ ያተመልኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ሌላ ማንም ዘንድ የለም። ሰው ከአንዱ ፎቶ አውጥቶ ሌላ ፎቶ ውስጥ ማስገባትንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንደገባሁ፣ "ኧረ የሙሽራዋ አባት! ካሜራ መረጥክ ወይስ ሁለቱንም ልታገባ ነው?" አለኝ እየሳቀ። ስልኬን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

"ፋንታሁን፣ ጥላውን ለምን አልሠራህለትም?" አልኩት።

"የቱን ጥላ?" አለ። ሳቁ ገና ፊቱ ላይ ነበር።

"የልጄን።"

መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ፣ "ሞከርኩ ሳህሉ" አለኝ። "ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ፊቱን አስቀመጥኩ፣ ትከሻውን አስቀመጥኩ። ጥላ ልሥራለት ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።" ማተሚያው ከጀርባችን የአንድ ሰው ባነር እያተመ ነበር፤ ተነስቶ አጠፋው፤ ከዚያ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተነስቶ ቀርቷል፤ አልወርድ ብሏል።

ስለ አሟሟቱ የነገረኝን ለአንቺ መልሼ አልጽፍም፤ አንቺ እዚያው ነበርሽ። ከእኛ ወገን ፓስተሩና እሱ፣ ከእናንተ አጎትሽ ሆነው መከሩ። የደም ግፊት አለበት፣ ልጅቷም ጥር ላይ ታገባለች፣ ሰርጉ ይለፍና ሰኞ ማለዳ እንነግረዋለን ተባባሉ። አንቺንም በስሙ ጻፊለት ያሉሽ እነሱ ናቸው። "ሐዳሳስ ታውቃለች?" አልኩት። "አታውቅም። እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ ያልሰማችሁት" አለኝ።

ቁጣዬን ልነግርሽ አልችልም። እኔ ሕፃን ነኝ? በልጄ ላይ መሪር ለቅሶዬን የሚቆልፉብኝ እነማን ናቸው? አልኩት። ማንም ቤቴ እንዳይመጣ፣ ለሰርጉም እንዳይመጣ አልኩት። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ነው ወይዘሮ አበራሽ በሐሳቤ የመጣችብኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ወይዘሮ አበራሽ ከእኛ ቤት በታች ትኖራለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ልጇ እዚያው እናንተ ያላችሁበት አገር አረፈ። እሷ ያኔ ኦፕራሲዮን ሆና ገና አልዳነችም ነበር። ወንድሞቿ መጡና፣ "ሳህሉ፣ ቁስሏ እስኪጠግግ አንድ ፎቶ ሥራላት" አሉኝ። ሠራሁ። ጥሩ አድርጌ ሠራሁ፤ ጥላም አልረሳሁም። የነበረኝ ፎቶ በካናቴራ ስለነበር፣ ሰኔ ነውና እዚያ ብርድ ነው፣ እንዳትጠረጥር ብዬ የሌላ ደንበኛ ጃኬት አለበስኩት። ሁለት ወር ግድግዳዋ ላይ ሰቅላው ኖረች። መርዶው ከተነገራት በኋላ አንድ ቀን ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ባንኮው ላይ አኖረችውና፣ "ጋሽ ሳህሉ፣ ይህ ጃኬት የማን ነው?" አለችኝ። ዝም አልኩ። "ሌላውን ሁሉ ነግረውኛል። በዚያ ብርድ አገር ልጄ ጃኬት ገዛ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተጽናንቼበት ነበር። እሱስ የማን ነው?" ሁለተኛም ዝም አልኩ። ፎቶውን ትታልኝ ሄደች።

እና እኔ ነኝ ፋንታሁን ላይ በር የምወረውረው?

ማክሰኞ ሐዳሳ መጣች። የሰርጉን ልብስ ልክ ሞክራ፣ ፊቷ በርቶ። "አሞጽ የላከው ካሜራ ደረሰ?" አለችኝ። አልደረሰም አልኩ፤ እውነት ነው። "ምን አለ ታዲያ? እኔ ብጽፍለት ሁለት ቃል ብቻ ይመልስልኛል፤ ቀንቶብኝ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። "ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው" አልኳት። ልጄ፣ የሐሰት ጣዕም እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ሰኞ የተቆጣሁበትን ነገር ማክሰኞ እኔው ሠራሁት፤ አንድ ቀን እንኳ አልቆየሁም። ተንበርክኬ ለጌታ አቅርቤዋለሁ። ትክክል ነህ አላለኝም፤ ተነሥና ንገራትም አላለኝም። ዝም ብሎ አብሮኝ ያለ ይመስለኛል።

አስቤ አስቤ እንዲህ ወስኛለሁ። ሰርጉ ቅዳሜ ጥር 17 ነው፤ አሥር ቀን ቀርቶታል። ብነግራት ሰርጉ ለቅሶ ይሆናል። ሙሽራው ምስክር ደግ ልጅ ነው፤ ዓመት ይጠብቃታል። ግን ከዚያ በኋላ የሰርጓ ቀን ሁልጊዜም ወንድሟን ያጣችበት ቀን ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ አንዲት ቅዳሜ፣ የራሷ ትሁን። ከዚያ ትጠላኝ ይሆናል። ወይዘሮ አበራሽ እንዳየችኝ ታየኝ ይሆናል። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት፤ ስትጠይቀኝም ዝም አልልም።

ስለዚህ ልጄ፣ ከእንግዲህ ለእኔ በስሙ አትጻፊልኝ፤ ሸክሙን ከአንቺ ላይ አንስቻለሁ። ለሐዳሳ ግን አንድ ጊዜ፣ አርብ ጥር 16 ቀን፣ ጻፊላት። ሲጽፍላት ቁምነገር አይወድም፤ ቀልዶ ነው የሚመርቃት። "ለምስክር ንገሪው፣ ሻይ ውስጥ ስኳር ሳይሆን ጨው የከተተችብኝ እህቴን ነው የሰጠሁህ፤ አደራ" በያት። ሌላውን አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ከእኔ ይልቅ የመጨረሻ ቀልዶቹን የሰማሽው አንቺ ነሽ። ይህን ስጠይቅሽ ኃጢአቱን በእኔ ላይ ጻፊው።

የትኛው ይሁን ብለሽ ጠይቀሽኛልና እሱንም ልመልስልሽ። ክሮፑ ይሁን። አሞጽ ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ይህን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምጽፈው። ግን ወደ እኔ አትላኪው። ሬዲዮ ጠጋኙ ወንዳፈረው አሮጌዋን ከፍቶ መስታወቷን አስተካክሎልኛል። "ጋሼ፣ አንድ ሰርግ ትችላለች፤ ለሁለተኛው እኔ የለሁበትም" ብሎኛል። አንድ ይበቃኛል። ክሮፑን እዚያው አስቀሪው። ትንሽ ነገር ከቅርብ ለማንሳት ክሮፕ መልካም ነው፤ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፤ ፍላሽ ለጨቅላ ዓይን አይሆንም። መጀመሪያ ያነሳሽውን ለእኔ ላኪልኝ። ኮሌታም ጥላም እንዳለ ይሁን፣ ምንም አታስተካክዪበት።

የለስላሳ ሳጥን ከእንግዲህ በራስሽ አታንሺ፤ ሰው ጥሪ። ብቻሽንም አትደሪ። አገር ቤት ልግባ ካልሽ የአሞጽ ክፍል አለ፤ ሐዳሳም ስትወጣ ቤቱ ይሰፋል። እዚያው እሆናለሁ ካልሽም አልቀየምም።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ በስልክ ሳይሆን በወረቀት መልሽልኝ። እሱ ስለሚወለደው ሰምቶ ነበር ወይ? ነግረሽው ነበር? ካልነገርሽውም እንዳልነገርሽው ጻፊልኝ፤ ደግ ነገር ፈጥረሽ እንዳትጽፊልኝ አደራ።

የሙሽራ አባት ከፊት ተቀምጦ ይታያል እንጂ ካሜራ አይዝም ብለው ሁሉም ተነሥተውብኝ ነበር። ፋንታሁን ሥራውን እኔ ልሥራ ብሎ ሲለምነኝ ከርሟል። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩትና፣ እኔው ነኝ የማነሳው አልኩት። ምክንያቱን ሳልነግረው ገባው። ካሜራ ዓይኑ ላይ ያደረገን ሰው ፊቱን ማንም አያየውም። ከጠዋቱ ጸሎት እስከ መሸኛው መዝሙር ከፊቴ አላወርዳትም።

ከሰርጉ በኋላ ሰኞ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። እንደማያውቅ ሰው በሩን እከፍትላቸዋለሁ፤ ሐዳሳና ምስክርም ይጠሩና ይቀመጣሉ። ፓስተሩ ይጀምራል። እንደ አዲስ እሰማዋለሁ። አላስመስልም፤ እስካሁን ማንም በወጉ መርዶ አልነገረኝምና ያን ጊዜ በእርግጥ አዲስ ነው። ያን ጊዜ አለቅሳለሁ። በዚያ ሰዓት አንቺም እዚያ አልቅሺ፤ ከእንግዲህ ተሸሽገሽ አይደለም፤ ከእኛ ጋር ነው።

የመበለቶች ዳኛ የሆነ አምላክ ቤትሽን ይጠብቅ። እግርሽ ከመንገድ፣ እጅሽ ከእህል አይጉደል። በውስጥም በውጭም ያለሽን ሁሉ በክንፉ ይሸፍን፤ ጊዜሽ ሲደርስ ሥቃይሽን ያቅልል። አሜን።

አባትሽ ነኝ፤ አያትም።